ለ492 መስታወቶች ማረፊያ ያጣው ቴሌስኮፕ

አሜሪካ በግዙፍ ቴሌስኮፕ ሩጫ በአውሮፓ እየተቀደመች ነው። ነገሩ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡም አለበት፤ ግን መጀመሪያ መስታወቱን እንይ።

ቴሌስኮፕ በዋናነት ብርሃን የሚሰበስብ መስታወት ነው። በሰፋ ቁጥር ሩቅና ደብዛዛ ነገር ያያል። እኛ ጋ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው 1 ሜትር 1 ሜትር ነው። በዓለም ላይ አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራው ትልቁ ደግሞ 8.4 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፣ ተራራ ላይ ማውጣቱም ጣጣ ነው።

መፍትሔውን ያመጣው ጄሪ ኔልሰን የሚባል የካሊፎርኒያ ሳይንቲስት ነው፦ ትልቁን ትቶ ትንንሾቹን መገጣጠም። ሃዋይ ያለው ኬክ ቴሌስኮፕ እንደ ማር ሰፈፍ ባለ ስድስት ጎን የሆኑ 36 መስታወቶች ተገጣጥመው 10 ሜትር ሆነ፤ ከ1993 (እ.ኤ.አ) ጀምሮም እየሠራ ነው።

ሴራሚክ እንደ ማንጠፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ተደምረው አንድ ጎድጓዳ ሳህን መሥራት አለባቸው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ጉብጠት እንደሚቀመጥበት ቦታ ይለያያል፣ ያውም ወደ አንድ ጎን ያደላ ነው። እንዲህ ያለውን ቅርጽ መሞረድ ከባድ ነው። የኔልሰን ቡድን ምን አደረገ? መስታወቱን ጫፍ ጫፉን ይዞ በኃይል አጎበጠው፣ በዚያው እንደጎበጠ በቀላሉ ክብ አድርጎ ሞረደው፣ ከዚያ ለቀቀው። መስታወቱ ሲመለስ የሚፈለገውን ቅርጽ ራሱ ያዘ! (እኔ በበኩሌ ይሄን ሳነብ ሁለቴ ነው የደገምኩት።)

ቀጥሎ እንደ አንድ አድርጎ መያዝ አለ። ጫፋቸው ላይ ሴንሰር፣ ከኋላቸው ሞተር ተገጥሞ ሌሊቱን ሙሉ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ልክ ይስተካከላሉ። ካልተስተካከሉስ? ጄምስ ዌብ በ2022 መጀመሪያ ላይ የላከው ፎቶ ላይ አንዷ ኮከብ 18 ቦታ ነበር የታየችው። 18ቱ መስታወቶች ገና እየራሳቸው ነበራ።

አውሮፓውያን አሁን ቺሊ ላይ የሚሠሩት 39 ሜትር፣ 798 መስታወት ነው። የቅርጹ ዓይነት 133 ነው፣ ከእያንዳንዱ ስድስት ስድስት። ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ መለዋወጫ ስላለ፣ ጥቂቶቹ ወርደው እንደገና ሲለበጡ ቴሌስኮፑ ሥራ አያቆምም።

የ30 ሜትሩ ፕሮጀክት 492 መስታወት ይፈልጋል። አሜሪካውያን ከጃፓን፣ ከህንድና ከካናዳ ጋር ሆነው ሃዋይ ማውና ኬያ ላይ፣ ያው ኬክ ያለበት ተራራ ላይ ሊተክሉት ነበር። ተራራው ለብዙ የሃዋይ ተወላጆች ቅዱስ ነው። በ2015ም በ2019ም መንገድ ዘግተው ቆሙ፤ በ2019 ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ታሰሩ። «ሳይንስ ጠል» የሚላቸው አለ። አይመስለኝም። ተራራው ላይ ከ10 በላይ ቴሌስኮፕ ሲተከል ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ማን ፈቀደ የሚል ነው። ኢንጂነሮቹ የመስታወቱን ችግር ከ30 ዓመት በፊት ፈተውታል፣ ይሄኛውን ግን በጊዜው የሠራበት አልነበረም።

በ2025 የወጣው የአሜሪካ መንግሥት የበጀት ሐሳብ ወደፊት እንዲራመድ የመረጠው ሌላኛውን ነው፦ ሰባት ባለ 8.4 ሜትር መስታወት ያለውን፣ ቺሊ ላይ የሚሠራውን። ይሄ ከጸና ግዙፎቹ ሁለቱም ደቡብ ላይ ይሆናሉ፤ የሰሜኑን ሰማይ ጫፍ ደግሞ ከቺሊ ማየት አይቻልም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ስፔን እስከ 400 ሚሊዮን ዩሮ ልስጥና ወደ ላ ፓልማ ደሴት አምጡት አለች። ችግሩ ከፍታው ነው፦ ማውና ኬያ ከ4,200 ሜትር በላይ ሲሆን የላ ፓልማው ቦታ 2,400 ሜትር አይሞላም። ዝቅ ባለ ቁጥር አየሩ ውስጥ እርጥበት ይበዛል፣ እርጥበቱ ደግሞ ቴሌስኮፑ በጣም የሚፈልገውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጥበታል።