አስታማሚዋስ የማን ናት?



ሰሞኑን አንዲት ወጣት ነርስ ስልክ ደወለችልኝ። ሕፃናት ክፍል ለመቀጠር ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይጠብቃታል፤ "ሲስተር፣ ምን ምን ልከልስ?" አለችኝ። የመድኃኒት መጠን በልጁ ኪሎ ማስላትን፣ የጉሉኮስ ጠብታ መቁጠርን፣ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 ወተት ሲሻለው ከሚሰጠው ኤፍ 100 በምን እንደሚለይ እንድታይ ነገርኳት። ፈታኞች ይህን መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ለሕፃን መድኃኒት ሲሰላ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል።

እኔ ፈታኝ ብሆን ግን አንድ ጥያቄ እጨምር ነበር፤ ለእሷም ነገርኳት። "ከልጁ አልጋ አጠገብ የተቀመጠችው እናት ከትናንት ጀምሮ እህል አለመቅመሷን ብታውቂ ምን ታደርጊያለሽ? ለማንስ ትነግሪያለሽ?" ልጅቷ ዝም አለች። አልፈርድባትም። ትምህርት ቤት አላስተማሯትም፤ ለማን እንደሚነገርም ብዙዎቻችን አናውቅም።

ሕፃናት ክፍል የተኛ ልጅ ያስታመመ ሰው የምለው ይገባዋል። አስታማሚዋ ልጁን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ጉሉኮሱ ሲያልቅ "ሲስተር፣ አለቀ!" ብላ ትጣራለች። መድኃኒቱ ከግቢው ሲጠፋ ከተማውን ዞራ ትገዛለች፤ ናሙና ይዛ ላቦራቶሪ ትሮጣለች። ማታ ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ጋደም ትላለች። ያለጊዜው ለተወለደ ጨቅላ ደግሞ፣ "የካንጋሮ እንክብካቤ" በምንለው ዘዴ፣ ልጇን ራቁት ደረቷ ላይ አስተኝታ የምታሞቀው እሷው ናት። ማሽን ሲበላሽ ጥገና ክፍል ይጠራል። እናት ስትደክም የሚጠራው ማን ነው?

በእንግሊዝ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ የታመመ ልጁን የሚያየው በተወሰነች ሰዓት ብቻ ነበር። "ወላጆች ሲመጡ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ ሥራ ይረበሻል" ይባል ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ባለሙያ ለስምንት ቀን ሆስፒታል የቆየች የሁለት ዓመት ሕፃን እንዴት እንደተጎዳች ቀርጾ በ1952 አሳየ። በ1959 ደግሞ የፕላት ኮሚቴ የተባለው የመንግሥት ኮሚቴ፣ ወላጆች በማናቸውም ሰዓት እንዲገቡ፣ እናቶችም ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር እንዲያድሩ መከረ። እነሱ የታገሉት እናትን ወደ ውስጥ ለማስገባት ነው። እኛ ዘንድ እናት ድሮም ከክፍሉ ወጥታ አታውቅም። ገብታ ግን መቀመጫ አላገኘችም።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል፣ በምግብ እጥረት ሰውነቱ ያበጠ ልጅ ይዛ ከገጠር የመጣች እናት ነበረች። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፤ ልጁም ፈገግ አለ። እንዲህ ያለ ሕፃን ፈገግ ካለ ወደ መዳኑ ነው፤ እኛም ደስ አለን። በዚያው ቀን እናትየው "ልሂድ" አለች። ሐኪሙ አስረዳት፤ አልሰማችም። ከእኛም መካከል የተቆጣት ነበር። "በራሷ ፈቃድ ወጣች" የሚለው ወረቀት መጣ፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ልትፈርም ነው።

ያን ጊዜ ወለል ስትወለውል የነበረች የጽዳት ሠራተኛችን ቀና ብላ፣ በእናትየው ቋንቋ፣ "እቤት ማንን ትተሽ ነው የመጣሽው?" አለቻት። ሴትየዋ ማልቀስ ጀመረች። ሁለት ሕፃናት ልጆቿን ለጎረቤት ለሦስት ቀን ብቻ ብላ አደራ ሰጥታ ኖሯል የመጣችው። የጽዳት ሠራተኛዋ አላረፈችም። ከዚያው ቀበሌ የመጣ ሌላ አስታማሚ ፈልጋ አገኘች፤ በእሱ ስልክ ወደ መንደሩ ተደወለ። ልጆቹ አክስታቸው ጋር መሆናቸው ተሰማ። እናትየው ዘጠኝ ቀን ቆየች፤ ልጇንም አዝላ ወጣች።

ያንን ሁሉ የሠራችው ደመወዟ ለመወልወያ ብቻ የተቆረጠላት ሴት ናት። ሆስፒታሉ አንድ ማህበራዊ ሠራተኛ ነበረው። መላው ሆስፒታል ላይ አንድ! ቢሮው ካርድ ክፍል አጠገብ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ሲመረምር ይውላል። አልጋው ዘንድ መቼ ይደርሳል?

ስለዚህ የሕፃናት ክፍል አዲስ ሠራተኛ ሊቀጥር ሲነሳ፣ ከሐኪሙና ከነርሱ ጋር የማህበራዊ ሠራተኛ መደብ ይታሰብ እላለሁ። ቢሮ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ የሚውል ይሁን። ከየትኛው ቀበሌ ምን ደብዳቤ እንደሚመጣ፣ የጤና መድን ካርዷ የት ድረስ እንደሚሠራ፣ መመለሻ ትራንስፖርት ከየት እንደሚገኝ የሚያውቅ። ቋንቋም ይጠየቅ። ከኦሮሚያም ከሶማሌም ከሲዳማም ልጅ በሚታከምበት ቦታ አስተርጓሚው ጥበቃው ወይም የጎረቤት አልጋ አስታማሚ መሆን የለበትም። የልጅን ምሥጢርና የእናትን ችግር ለማንም መንገደኛ ማስተርጎም ነውር ነው። (የነርሶች ዝውውር ነገርም አለ፤ የሕፃን ደም ሥር ባንዴ የምታገኝ እጅ ተፈልጋ አትገኝም፣ እሷን አንስቶ ሌላ ክፍል መወርወር ምን ይሉታል? ይህን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።)

"በጀት የለም" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን የደም ካንሰር የያዘውን ሕፃን አስቡት። በልጆች ላይ የሚበዛው ዓይነት ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሚመላለስ የሩቅ አገር ገበሬ፣ መድኃኒቱ በነፃ ቢሰጠው እንኳ፣ ማደሪያና የመኪና ካላገኘ መሃል ላይ ያቋርጣል። ያን ጊዜ የተሰጠው መድኃኒት፣ የሐኪሙም ድካም አብሮ ይቀራል። ይህን ቀድመው የተረዱት ወላጆች ናቸው። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ያቋቋሙት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ አባትና እናት ናቸው። ተስፋ አዲስም ካንሰር ለያዛቸው ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው ማረፊያ የሚሰጥ የወላጆች ድርጅት ነው። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ሐዘንተኛ ወላጅ የሠራውን እያየ ሆስፒታሉ መደብ መክፈት ቢያቅተው አልቀበለውም።

እስከዚያው ለእናንተ አንድ ነገር ላስቸግር። ሆስፒታል የተኛ ልጅ ልትጠይቁ ስትሄዱ ብርቱካንና ሙዙን ሁሉም ይዞ ይመጣል፤ ብዙውም አልጋው ራስጌ ይበላሻል። እናንተ ለእናትየው ያዙላት፤ ትኩስ ሽሮ በእንጀራ፣ በሶ፣ የልብስ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ። ከቻላችሁም ለአንድ ሰዓት ከልጁ ጋር ቁጭ በሉና እሷ ወጥታ ገላዋን ትታጠብ። መጀመሪያ "አይ፣ ይቅር" ትላችኋለች። ሁለተኛ ጠይቋት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።