ጥር ላይ የሚያፈስ ጣሪያ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

በደብረ ታቦር የሚኖሩ አንዲት እናት ጥር በገባ ቁጥር አናጺ ያስጠሩ ነበር። ዝናቡ ካቆመ ወራት ቢያልፉም ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከቆርቆሮው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል። አልጋው ይርሳል፤ ልጃቸው የሚቀራበት ሙስሐፍ ገጾቹ ተጣብቀዋል። አናጺው ምስማሩን አጥብቆ፣ ቀዳዳ የመሰለውን ሁሉ በሬንጅ ደፍኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በማግስቱ ጣሪያው እንደገና ያፈሳል።

«ኡስታዝ፣ እንግዲህ ምን ቀረኝ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጣሪያው ቀዳዳ የለውም፤ ውኃው የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከቤትዎ ውስጥ ነው አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራም ጎረቤታችን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይበርዳል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላው ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እኛ ደግሞ ከሥሩ ተኝተን እንተነፍሳለን። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሽና በላብ የሚያወጣው እርጥበት ከአንድ ብርጭቆ ውኃ አያንስም፤ የሻይና የወጥ እንፋሎት ሲጨመርበት ደግሞ ይበዛል። ይህ ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ፣ በድስት ክዳን ላይ እንደምናየው ውኃ ይሆናል። ውርጩ ከጠና እዚያው አመዳይ ሆኖ ይጋገራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትመታው ቀልጦ ይዘንባል።

የአያቶቻችን የሣር ክዳን ይህ ችግር አልነበረበትም። ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ጢሱም እንፋሎቱም በውስጡ ያልፋል። እኛ ሣሩን በቆርቆሮ ስንለውጥ ሁለቱንም ጥቅሞች አጣን።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኔሶታም ተመሳሳይ ችግር አለ። ከቤት የሚወጣው ሙቀት በጣሪያው ላይ የተከመረውን በረዶ ከሥር ያቀልጠዋል። ውኃው ወርዶ ቀዝቃዛው የክዳኑ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደገና ይረጋና ግድብ ይሠራል። ከኋላው የታቆረው ውኃ ወደ ቤት ይገባል። እዚያም መድኃኒቱ ሬንጅ አይደለም፤ ሙቀቱን ከኮርኒስ በታች ማስቀረትና ከኮርኒስ በላይ ያለውን ቦታ ማናፈስ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ኮርኒስ ይሠራ። አቡጀዲም ይሁን ችፑድ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ፣ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ክፍተት አይኑረው። ክብደት የሚችል ጠንካራ ርብራብ ካለ ከላዩ በጭድ የተቦካ ጭቃ በስሱ ቢመረግ ሙቀት ይይዛል። ደረቅ ጭድ ብቻውን መነስነስ ግን እሳትና አይጥ መጋበዝ ነው፤ የመብራት ገመድ ባለበትማ ከቶ አይሞከርም። ሁለተኛ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ቦታ ይተንፍስ። በጣሪያው ሁለት ጫፎች ባሉት ሦስት ማዕዘን ግድግዳዎች ላይ ትይዩ ቀዳዳ ከፍቶ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ መምታት ይበቃል። ሦስተኛ፣ ምግብ የሚበስልበት ቦታ ከመኝታው ይለይ፤ ቀን ቀንም መስኮት ይከፈት።

ወደ እናታችን ቤት ስገባ ግን ከጠብታው የከፋ ነገር አየሁ። ብርዱን ፈርተው በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ በጨርቅ ወትፈውታል፤ ማታ ማታ ደግሞ የከሰል ማንደጃ ከልጆቹ አልጋ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ጠብታው ቢበዛ ፍራሽ ያረጥባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ መጥፋቱ ዋስትና አይሆንም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስንተኛ በቤታችን እሳት እንዳንተው መከልከላቸውን ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል።

ለብርዱማ አላህ (ሱ.ወ.) ሌላ መላ ሰጥቶናል። በሱረቱ ነሕል 80ኛ አንቀጽ ቤታችንን ማረፊያ እንዳደረገልን ሲያስታውሰን፣ እዚያው ላይ የእንስሳትን ሱፍና ጠጉር መገልገያ አድርጎ መስጠቱንም ይጠቅሳል። የደጋው በግ ባና በቤታችን እያለ በልጆቻችን ነፍስ ለምን እንወራረዳለን?

እናታችን በዚያው ሳምንት ማንደጃውን ከመኝታ ቤት አወጡ። ለሬንጅ ያሰቡትን ገንዘብ ለኮርኒስና ለወንፊት ሽቦ አዋሉት፤ በቀጣዩ ጥርም አናጺ አላስጠሩም፤ አልሐምዱሊላህ። እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተመልከቱ፤ የጣሪያችሁ አየር በየት ይወጣል? ማንደጃችሁስ የት አድሯል?

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።