ነገን መለማመድ

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው የአባቶች ተረት ለብዙ ነገር ይጠቅም ይሆናል፤ ስለ ወደፊቱ ለመምከር ለተጠራ ስብሰባ ግን ከቶ አይበጅም።

ይህን ያስተዋልሁት በአንድ መሥሪያ ቤት በተደረገ ዐውደ ጥናት ላይ ነው። «መሥሪያ ቤታችን ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን ይመስላል?» የሚል ጥያቄ ቀረበልን። በመጀመሪያ የተናገሩት አለቃው ነበሩ። ከርሳቸው በኋላ የተነሣው ሁሉ ያንኑ ቃል እያገላበጠ ደገመው፤ እኔም ደገምሁት። ከሰዓት በኋላ ግን አሠልጣኟ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታ፥ ዐሥሩ ዓመት እንዳለፈ ቈጥረን፥ ያለ ጽሑፍና ያለ ጥናት እንድንጫወት አዘዘችን። አለቃው ከገጠር የመጡ ባለጉዳይ ሆኑ፤ ተላላኪው ሹም ሆነ። ተላላኪው ገና ከመቀመጡ «መዝገብዎ አልተገኘም፤ ነገ ይመለሱ» ሲል ሁላችንም ሣቅን። አለቃው ግን አልሣቁም። «ከዐሥር ዓመት በኋላም ይህንኑ ልንል ነውን?» ብለው ጠየቁ። እውነተኛው ምክር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ዘዴ በዓለም የታወቀ ነው። ሮበርት ዩንክ የተባለው ጸሐፊ ያስፋፋው የወደፊት ዐውደ ጥናት ሦስት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያ ችግሩ ይነቀፋል፥ ቀጥሎ የሚመኙት ይታሰባል፥ በመጨረሻም የሚቻለው ይታቀዳል። በሁለተኛው ክፍል «ይህስ አይሆንም» ማለት ክልክል ነው። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቧል ደግሞ ተመልካቹ ጨዋታውን አስቁሞ መድረክ ላይ እንዲወጣና የራሱን መፍትሔ እንዲሞክር አደረገ። ከ1993 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የሪዮ ዴ ዣኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ፥ ከዚህ ዓይነት ጨዋታ ከተገኘው አሳብ 13ቱ ሕግ ሆነው ጸድቀዋል።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ከታዳሚው የተወረወረለትን ግጥም እዚያው ተቀብሎ ያዜማል፤ የቅኔ ተማሪም የሌላውን ሳይደግም በየጊዜው አዲስ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ሁለቱም ሕግ አላቸው። የዚህም ጨዋታ ሕግ ባልንጀራ የሰጠውን ተቀብሎ የራስን መጨመር ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታ ብቻውን መሥሪያ ቤት አያቀናም። ሣቁ ሲያበቃ ማን፥ ምን፥ እስከ መቼ እንደሚሠራ ካልተጻፈ ቀኑ ባክኗል። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ በጨዋታው የተነገረ ቃል በማግሥቱ በተናጋሪው ላይ ሊቈጠርበት አይገባም። ያ ተላላኪ ስለ ድፍረቱ ቢገሠጽ ኖሮ፥ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችንም የአለቃውን ቃል ወደ መድገም በተመለስን ነበር።

ስለዚህ ወጣት ሹም ሆይ፥ ስብሰባ የመምራት ተራ ሲደርስህ በመጨረሻ ተናገር፤ በጨዋታውም የባለጉዳዩን ቦታ ለራስህ ውሰድ። ዝም ባይነቅዝም፥ ያልተነገረ አሳብ ግን ሳይበቅል ይቀራል።