ከቢያፍራ ጦርነት እስከ ናምዲ ካኑ ፍርድ፦ የኢግቦዎች ጥያቄ ለምን አልተዘጋም?

የናይጄሪያ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. አቡጃ ባስቻለው ችሎት የቢያፍራ ንቅናቄ መሪ ናምዲ ካኑን በቀረቡባቸው ሰባት የሽብር ክሶች በሙሉ ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ዐቃቤ ሕግ የሞት ቅጣት ጠይቆ ነበር፤ ዳኛው የዕድሜ ልክ እስራት ወሰኑባቸው። ካኑ የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ባለመቀበል የመከላከያ ማስረጃ ሳያሰሙ ነው የተፈረደባቸው።

ለናይጄሪያ መንግሥት ውሳኔው እስር፣ ዋስትና፣ ስደትና ይግባኝ እየተፈራረቁበት ዐሥር ዓመት ለዘለቀ ጉዳይ መቋጫ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ግን ሰውዬውንና ጥያቄውን ለይተው የሚያዩ ብዙዎች ናቸው። የካኑን ስድብና ዛቻ አምርረው የሚቃወሙ ኢግቦዎች ሳይቀሩ፣ እርሳቸውን ገናና ያደረገው ቅሬታ መሠረት እንዳለው ይናገራሉ። ከሐውሳ-ፉላኒና ከዮሩባ ጋር ከአገሪቱ ሦስት ታላላቅ ብሔረሰቦች አንዱ የሆነው ሕዝብ በናይጄሪያ ውስጥ ያለው ቦታ ምንድን ነው? ጥያቄው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በጦር ሜዳ ተፈትቷል ተብሎ ነበር።

የ30 ወራት ጦርነት

ናይጄሪያ ከብሪታኒያ ነፃ በወጣች በስድስተኛ ዓመቷ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በጥር 1966፣ አብዛኞቹ ኢግቦ የሆኑ ወጣት መኮንኖች የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ አደረጉ። ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ተፋዋ በለዋና የሰሜኑ ክልል መሪ አህመዱ ቤሎ ተገደሉ። ሥልጣኑን የያዙት ኢግቦው ጄኔራል አጉዪ-ኢሮንሲ ፌዴራላዊውን አወቃቀር በአዋጅ ሲያፈርሱ፣ በሰሜን የነበረው ጥርጣሬ ወደ ቁጣ ተለወጠ። በሐምሌ በተካሄደ ሁለተኛ ግልበጣ ኢሮንሲ ተገደሉና ጄኔራል ያኩቡ ጎዎን መንበሩን ያዙ። በዚያው ዓመት በሰሜን ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ኢግቦዎችና ሌሎች የምሥራቅ ተወላጆች ተጨፈጨፉ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ተመለሱ።

በጥር 1967 በጋና አቡሪ በተደረገ ድርድር ክልሎች ሰፊ ሥልጣን እንዲኖራቸው ስምምነት ላይ ተደርሶ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ግን ስምምነቱን በየፊናቸው ተረጎሙት። ጎዎን አገሪቱን በ12 ግዛቶች ሲሸነሽኑ የምሥራቁ ክልል ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ነዳጁና የባሕር በሩም ከኢግቦዎች እጅ የሚወጣ ሆነ። ከሦስት ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 22 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል ቹኩዌሜካ ኦጁኩ የቢያፍራን ሪፐብሊክ አወጁ።

ጦርነቱ 30 ወራት ፈጀ። የሟቾቹ ቁጥር ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል፤ አብዛኞቹን የጨረሰው የፌዴራሉ መንግሥት ከበባ ያስከተለው ረሃብ ነበር። ብሪታኒያና ሶቭየት ኅብረት ሌጎስን ሲያስታጥቁ ፈረንሳይ ለቢያፍራ በድብቅ ድጋፍ ሰጠች። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት መካከል በቢያፍራ ያገለገሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች ይገኙበታል።

ጉዳዩ አዲስ አበባ ሲደርስ

ይህን ጦርነት በሽምግልና ለመፍታት ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዷ አዲስ አበባ ነበረች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እአአ በ1967 ኪንሻሳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የስድስት አገሮች መሪዎችን ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢነቱን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰጠ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ኦጁኩ ራሳቸው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ረዥም ንግግር አደረጉ። ጎዎን አልመጡም፤ የላኩት ልዑካን ቡድን ነበር። ንግግሩ ለሳምንታት ተጓቶ ያለ ውጤት ተበተነ።

ኮሚቴው መነሻው ላይ ድንበሩን አስምሮ ነበር፤ መፍትሔ የሚፈለገው በአንዲት ናይጄሪያ ማዕቀፍ ውስጥ ብቻ እንዲሆን ወስኗል። አቋሙ ድርጅቱ እአአ በ1964 ካይሮ ላይ ካሳለፈው፣ በነፃነት ጊዜ የነበሩ ድንበሮች እንዲከበሩ ከሚያዘው ውሳኔ የመነጨ ነው። ሰብሳቢዋ ኢትዮጵያም ከጉዳዩ የራቀች አልነበረችም። የኤርትራ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ስድስት ዓመት ሆኖት፣ በዚያ የትጥቅ ትግሉ ተቀጣጥሎ ነበር። በቢያፍራ የሚሰጥ ዕውቅና ነገ በየቤቱ እንደሚደርስ ያልጠረጠረ መሪ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዚህ አቋም የወጡ አራት የአፍሪካ አገሮች ነበሩ፦ ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪ ኮስትና ዛምቢያ። ቀዳሚዋ ታንዛኒያ ናት። ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ፣ የአገር አንድነት በሕዝብ ፈቃድ ላይ መቆም እንዳለበት፣ ዜጎቹን ከጭፍጨፋ ያልጠበቀ መንግሥትም ታማኝነታቸውን በጠመንጃ ሊያስመልስ እንደማይገባው ተከራከሩ። የአህጉሩ አብዛኛው መሪ አልተከተላቸውም። ክርክራቸው ግን በምሥራቅ አፍሪካ ከዚያ በኋላ በተነሱት የመገንጠል ጥያቄዎች ሁሉ ተመልሶ ተሰምቷል።

የሃያ ፓውንድ ቂም

ቢያፍራ በጥር 1962 ዓ.ም. እጇን ስትሰጥ ጎዎን “አሸናፊም ተሸናፊም የለም” ብለው አወጁ። ብዙዎች የፈሩት የጅምላ በቀል አልደረሰም፤ ይህ ለናይጄሪያ መንግሥት የሚመሰገንበት ነው። የኢኮኖሚው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በጦርነቱ ወቅት በቢያፍራ ገንዘብ ያስቀመጡ ሰዎች፣ የተቀማጫቸው መጠን ምንም ያህል ቢሆን፣ የተመለሰላቸው ሃያ የናይጄሪያ ፓውንድ ብቻ ነበር። በፖርት ሃርኮርት ጥለዋቸው የሸሹት ቤቶች “ባለቤት አልባ ንብረት” ተብለው ለሌሎች ተላለፉ። እአአ በ1972 የውጭ ኩባንያዎች ድርሻ ለናይጄሪያውያን እንዲሸጥ ሲታወጅም ኢግቦዎች በእጃቸው ጥሬ ገንዘብ አልነበረም።

ዛሬ ቅሬታው የሚነገረው በውክልና ቁጥር ነው። ናይጄሪያ በስድስት ፖለቲካዊ ቀጠናዎች ትከፈላለች። የኢግቦዎች መኖሪያ የሆነው ደቡብ ምሥራቅ አቢያ፣ አናምብራ፣ ኢቦኒ፣ ኢኑጉና ኢሞ የተባሉ አምስት ግዛቶች ብቻ አሉት። ሌሎቹ ስድስት፣ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ ሰባት አላቸው። እያንዳንዱ ግዛት ሦስት ሴናተሮች ስለሚልክ፣ ከ109 የሴኔት መቀመጫዎች ለደቡብ ምሥራቅ የሚደርሰው 15 ሲሆን ለሰሜን ምዕራብ 21 ነው። የፌዴራሉ ገቢም ከፊሉ በግዛቶች ቁጥር እኩል ስለሚከፋፈል ጉድለቱ እስከ ካዝና ይዘልቃል። እአአ በ2014 የተካሄደው ብሔራዊ ጉባኤ ለቀጠናው አንድ ግዛት እንዲጨመር ሐሳብ ቢያቀርብም ተግባራዊ አልሆነም።

የሲቪል አስተዳደር ከተመለሰበት እአአ 1999 ወዲህ ኢግቦ ፕሬዝዳንት ሆኖ አያውቅም። በ2023ቱ ምርጫ የቀድሞው የአናምብራ አስተዳዳሪ ፒተር ኦቢ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው ሦስተኛ ወጡ። የአሸናፊው ቦላ ቲኑቡ የፖለቲካ መሠረት በሆነችው በሌጎስ ሳይቀር ቀድመው ነበር። ለብዙ ወጣት ኢግቦዎች ያ ምርጫ ከመገንጠል ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየ ነበር። በዚያው ሰሞን በሌጎስ በተካሄደው የግዛት ምርጫ ኢግቦ መራጮች ላይ የደረሰው ማስፈራሪያና ጥቃት ደግሞ ተስፋውን መልሶ አደበዘዘው።

ከሬዲዮ እስከ ባዶ ሰኞ

ናምዲ ካኑ የተነሱት በዚህ መሬት ላይ ነው። መቀመጫውን ለንደን ካደረገው ሬዲዮ ቢያፍራ በሚያስተላልፉት ቁጣ የተሞላ ንግግር ጦርነቱን ያላየውን ትውልድ ማረኩ። እአአ በ2012 የተመሠረተው አይፖብ የተሰኘው ድርጅታቸው ጥያቄ ሕዝበ ውሳኔ ነበር። የመንግሥት ምላሽ ከባድ ሆነ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እአአ ከነሐሴ 2015 ባለው አንድ ዓመት ብቻ ቢያንስ 150 የቢያፍራ ደጋፊዎች በጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን መዝግቧል። በ2017 ድርጅቱ በሽብርተኝነት ተፈረጀ።

ካኑ በሰኔ 2021 ናይሮቢ ውስጥ ተይዘው አሳልፎ የመስጠት የፍርድ ሂደት ሳይካሄድ ወደ አቡጃ ተወሰዱ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከአራት ዓመት በኋላ ድርጊቱ ሕገ ወጥ እንደነበር ወስኖ የ10 ሚሊዮን ሽልንግ ካሳ ፈርዶላቸዋል። የናይጄሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ክሱ እንዲቀጥል ቀደም ብሎ በይኖ ነበር። በጎረቤት አገር የተጠለሉ ተቃዋሚዎች በሚበዙበት በምሥራቅ አፍሪካ፣ የናይሮቢው ጉዳይ ከናይጄሪያ የተሻገረ ትርጉም አለው።

ከእስራቸው በኋላ ንቅናቄው ሰኞ ሰኞ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ አዘዘ። አይፖብ ትእዛዙን አንስቻለሁ ቢልም የታጠቁ ቡድኖች ማስፈጸሙን ቀጠሉ። በምዕራብ አፍሪካ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው የኦኒቻ ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ጭር አለ። ትእዛዙን የጣሱ ነጋዴዎች፣ ሾፌሮችና ተማሪዎች ጥቃት ደረሰባቸው። ኤስቢኤም ኢንተለጀንስ የተባለው የናይጄሪያ የጥናት ተቋም በአራት ዓመታት ከትእዛዙ ጋር በተያያዘ ከ700 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል። ከፊንላንድ ሆኖ ሲያነሳሳ የነበረው ሲሞን ኤክፓም በመስከረም 2025 በዚያው አገር ፍርድ ቤት በሽብር ወንጀል ስድስት ዓመት ተፈርዶበታል። በኢግቦዎች ስም የተጀመረው ትግል ኢግቦዎችን ገዳይ መሆኑ ንቅናቄውን ከነጋዴው፣ ከቤተ ክርስቲያኑና ከአገር ሽማግሌው ጋር አራርቆታል።

ቢያፍራ የማን ናት?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ከአቡጃ የሚመጣ አይደለም። የ1967ቱ ቢያፍራ የኢግቦዎች ብቻ አልነበረችም፤ ኢጃው፣ ኢቢቢዮ፣ ኤፊክና ኦጎኒ ይኖሩባታል። ነዳጁ በብዛት የሚገኘው በእነዚህ ሕዝቦች መሬት ላይ ነው። ብዙዎቹ በኢግቦ የበላይነት ሥር መውደቅን ፈርተው ከፌዴራሉ መንግሥት ጎን ቆሙ። ኋላ ወታደራዊው መንግሥት በስቅላት የቀጣቸው የኦጎኒው ደራሲ ኬን ሳሮ-ዊዋ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። የዛሬው አይፖብ ካርታም እነዚህን አካባቢዎች ሳይጠይቅ ይጠቀልላል። የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ለኢግቦ ከተፈቀደ ለኢጃውም ለምን አይፈቀድም የሚለው ጥያቄ እስካሁን ጥርት ያለ መልስ አላገኘም።

ሌላው ጥያቄ በኢግቦዎች ቤት ውስጥ ነው። “ኢግባ ቦይ” በተባለው ባህላዊ የንግድ ሥልጠና ወጣቱ ለዓመታት ነጋዴ አገልግሎ መነሻ ካፒታል ይሰጠዋል። ይህ ሥርዓት ኢግቦ ነጋዴዎችን ከሌጎሱ አላባ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ እስከ ካኖው ሳቦን ጋሪ ሰፈር አሠራጭቷቸዋል። ለእነርሱ መገንጠል ማለት ሱቃቸው ባለበት ከተማ የውጭ አገር ሰው መሆን ነው። በሰኔ 2017 የሰሜን ወጣቶች ማኅበራት ኢግቦዎች ክልሉን በሦስት ወር ውስጥ እንዲለቁ ማስጠንቀቃቸው ስጋቱ ከንቱ እንዳልሆነ አሳይቷል። ማስጠንቀቂያው ኋላ ቢነሳም የ1966ቱን ትዝታ ቀስቅሷል።

ሕጉና ተሞክሮው

የናይጄሪያ ሕገ መንግሥት በሁለተኛው አንቀጽ አገሪቱ የማትከፋፈልና የማትፈርስ መሆኗን ይደነግጋል፤ ለሕዝበ ውሳኔ በር የለውም። በተቃራኒው ጫፍ የቆመው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 እስከ መገንጠል ያለውን መብት ያውቃል። ሁለቱ ሰነዶች የማይመሳሰሉትን ያህል፣ በሁለቱም አገሮች ያለፉት ዓመታት ከማንነት ጋር ከተሳሰረ ደም መፋሰስ አልዳኑም።

የአፍሪካ ቀንድ ተሞክሮ ለቢያፍራ ደጋፊዎች የሚያበረታታ አይመስልም። ኤርትራ የቀድሞ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ድንበር ነበራት፤ እአአ በ1993 ሕዝበ ውሳኔ ስታካሂድም አዲስ አበባ ፈቅዳ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2011 የተለየችው ካርቱም በፈረመችው የሰላም ስምምነት መሠረት ነው። ሶማሊላንድ የቀድሞ የብሪታኒያ ድንበሯን ይዛ እንኳ ዕውቅና ፍለጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ደጅ ጠንታለች። ቢያፍራ በናይጄሪያ ውስጥ የነበረ ክልል እንጂ ራሱን የቻለ ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ የማዕከሉ ፈቃድም የላትም።

ይሁንና የአፍሪካ ሕግ መካከለኛ መንገድ ያውቃል። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እአአ በ1995 የካታንጋን አቤቱታ ውድቅ ሲያደርግ፣ ይህ መብት በፌዴራሊዝም፣ በራስ አስተዳደር ወይም ሕዝቡ በሚስማማበት ሌላ መንገድ ሊፈጸም እንደሚችል ገልጿል። መገንጠል የሚነሳው ከባድ የመብት ጥሰትና ከአስተዳደር መገለል በማስረጃ ሲረጋገጥ እንደሆነም አመልክቷል። የኢግቦዎች ትልቁ የባህል ማኅበር ኦሃነዜ ንዲግቦ ለዓመታት የሚሟገተው ለዚህ ቅርብ በሆነ አጀንዳ ነው፦ ሥልጣን ከማዕከል ወደ ክልል እንዲወርድ፣ የግዛቶች ቁጥር እንዲመጣጠን፣ ፕሬዝዳንትነቱም በዙር ለደቡብ ምሥራቅ እንዲደርስ።

እነዚህ ጥያቄዎች የአገሪቱን ድንበር አይነኩም። ከአቡሪ ስምምነት ጀምሮ ሲንከባለሉ የመጡ ናቸው። መንግሥት እአአ በ2024 የደቡብ ምሥራቅ የልማት ኮሚሽን ማቋቋሙ አንድ እርምጃ ቢሆንም የውክልናውን ቁጥር አልለወጠም። አዲስ ግዛት መፍጠር ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ስለሚጠይቅ የሌሎቹን ቀጠናዎች ፈቃድ ይሻል። ያን ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ የኢግቦ ፖለቲከኞች የ1967ቱ ካርታ ያስፈራቸውን ጎረቤቶቻቸውን አስቀድመው ማሳመን አለባቸው። የ2027ቱ ምርጫ ሲቃረብ፣ በኦኒቻ ሱቁን የሚከፍተው ወጣት ቅሬታውን በድምፅ መስጫ ካርድ ማሰማት ያዋጣ እንደሆነ ዳግም ይመዝናል። በ2023 አንድ ጊዜ ሞክሮታል።