የቆመች ሞተር ስትነሣ

እዚህ ካኩማ ቦዳ ቦዳ የስንቱ ቤት እንጀራ እንደሆነ እናውቃለን። አዲስ መግዣ ሲያጥረን ታዲያ አጥር ሥር ዓመታት የቆመች ሆንዳ ሲጂ 125 ታምረናለች።

ከመግዛታችን በፊት ሎግቡኩን ከሻንሲው ቁጥር ጋር እናመሳክር። ካልገጠመ፣ ርካሽም ብትሆን ትቅርብን፤ በኋላ ገንዘቡም ሞተሯም ይሄዳሉ።

ቤት እንደገባች መርገጫውን መደብደብ የለም። የከረመ ቤንዚን ካርቡራተር ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ሰርባቶዮውም ይዝጋል። አሮጌውን ቤንዚን እናውጣ። ካርቡራተሩን ፈትተን እንጠበው፤ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአየር እንንፋ እንጂ በሽቦ አንጎርጉራቸው። ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ትበላለች። የሞተር ዘይቱን እንቀይር። ካንዴላውን ነቅለን በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ እናድርግ፤ ጥቂት ቆይተን መርገጫውን በእጅ ቀስ አድርገን እንግፋ። ፒስተኑ ተጣብቆ ከሆነ ጉልበት ይሰብረዋል። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ስትነሣ ደስታው ሌላ ነው። ግን ጎበዝ፣ ፍሬኗ ሳይታይ፣ በፀሐይ የተሰነጣጠቀው ጎማ ሳይቀየር ሰው አንጫንባት። ከኋላ የምትቀመጠው የልጆች እናት ናት። ፍሬን የማይዛት ሞተር ገና አልተጠገነችም።