ምክሩን ተዉት፣ ሰፈሩን አሳዩን

ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። ሥራዬ ኦዲት ነው። ለራሴ ደስታ የማነበው ግን ለአሥር፣ ለአሥራ ሁለት፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ያየ ባልደረባ ሁሉ «የልጅሽን መጽሐፍ ይዘሽ መጣሽ እንዴ?» ይለኛል። የለም፣ የራሴ ነው፤ ለገሃር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ተከራክሬ የገዛሁት።

ምክንያቴን ልናገር። ለአዋቂ በሚጻፍ ልብ ወለድ ውስጥ ሰውየው አልጋው ላይ ተጋድሞ ሃምሳ ገጽ ሙሉ ቢያስብ ማንም አይከሰውም። ልጅ ግን ይሮጣል፣ ይወጣል፣ ይርበዋል፣ ይደበቃል። ደራሲው የት እንደሚደበቅ፣ ምን እንደሚበላ፣ ዝናቡ በየት በኩል እንደሚያፈስበት የማወቅ ግዴታ አለበት። እኔ በሥራዬ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ አላምንም፤ ቦታ የሌለው ታሪክም ለእኔ እንደዚያው ነው።

የአሜሪካዊውን የስኮት ኦዴልን «የሰማያዊ ዶልፊኖች ደሴት» ውሰዱ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ በማግስቱ ዓመት የኒውበሪ ሜዳልያ አገኘ። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ማዶ ባለችው ሳን ኒኮላስ ደሴት የሚኖሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1835 በመርከብ ሲወሰዱ አንዲት ሴት ቀረች፤ እስከ 1853 ድረስ አሥራ ስምንት ዓመት ብቻዋን ኖረች። ኦዴል ይህቺን ሴት ካራና የምትባል ልጅ አድርጎ ጻፋት።

ካራና ቤቷን ከዱር ውሾች ለመከላከል ከዓሣ ነባሪ ጎድን አጥር ትሠራለች። ጎድኖቹን መሬት ላይ ትተክልና ማሰሪያ ትፈልጋለች። የባሕር እንስሳ ጅማት ጥሩ ማሰሪያ ነበር፤ ነገር ግን አውሬ ይወደዋል፣ አኝኮ ይጨርሰዋል። ስለዚህ በረጅም የባሕር አረም ታስረዋለች፤ አረሙ ሲደርቅ ይኮማተርና አጥሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ወንድሟን የገደሉት እነዚያው ውሾች መሆናቸውን አንባቢው ያውቃል። እናም የልጅቷን ሐዘን፣ ፍርሃትና ብልሃት ከማንኛውም ንግግር በላይ ያ የአጥንት አጥር ይነግረዋል።

ስዊዘርላንዳዊቷ ዮሐና ስፒሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተመችው «ሃይዲ»ም እንዲሁ ነው። ሃይዲ ተራራ ላይ፣ በአያቷ ጎጆ ቆጥ፣ ድርቆሽ ላይ ነበር የምትተኛው። ከዚያ ወደ ፍራንክፈርት ተወስዳ ለአንዲት ሕመምተኛ ልጅ ጓደኛ ትሆናለች። አንድ ቀን ተራራ ይታየኝ ይሆናል ብላ የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ትወጣለች። የሚታያት ጣሪያና የጭስ ማውጫ ብቻ ነው። ናፍቆቱ ሲብስ ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች ትሄዳለች፤ የቤቱ ሰዎችም መንፈስ መስሏቸው ይሸበራሉ። ይህን ሳነብ ከገጠር መጥታ እኛ ቤት ትሠራ የነበረች አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ጫፍ ላይ ቆማ እንጦጦን ታይ ነበር። ያኔ ሥራ ስትሸሽ ይመስለን ነበር።

ቦታ ከታሪክ ሊቀድም እንደሚችልም የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1881 ክረምት ስኮትላንድ ውስጥ ዝናብ ቤት አስሮት ሳለ ከእንጀራ ልጁ ጋር የአንዲት ደሴት ካርታ ሣለ። ወደቡን፣ ኮረብታውን፣ ረግረጉን ሞላበት፤ «የሀብት ደሴት» የተባለው ልብ ወለድ የተወለደው ከዚያ ካርታ ነው። የባሕር ወንበዴዎቹ የመጡት ደሴቲቱ ከተዘጋጀች በኋላ ነው።

ይህ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው ለሚለኝ፣ አዲስ አበባን የያዘ መጽሐፍ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚሁ አስተማሪ የነበረችው ብሪታንያዊቷ ኤልዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ2003 «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ»ን አሳተመች። ማሞ ድሃ ነው፤ ዳኒ የሀብታም ልጅ። ሁለቱም ከየፊናቸው ሸሽተው የሚገናኙት መቃብር ስፍራ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ከጎዳና ልጆች ጋር ሲኖሩ ከተማዋ ሌላ መልክ ይኖራታል፤ የእግረኛ መንገዱ መኝታ፣ የምግብ ቤቱ ጓሮ እራት ይሆናል። እዚህ ተወልጄ ያደግሁት እኔ ቀን በቀን የማልፍበትን አስፋልት እንደ አዲስ ያየሁት በዚህ መጽሐፍ ነው። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቆጨኝ። ይህን መጽሐፍ በአማርኛ መጀመሪያ መጻፍ የነበረበት የእኛ ሰው ነበር።

«ልጆች የቦታ መግለጫ ይሰለቻቸዋል፣ ይዘሉታል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። እውነት ነው፤ እኔም እዘለዋለሁ። ስለ ፀሐይ መጥለቅ ሁለት ገጽ ቢጻፍልኝ ዓይኔ ያልፈዋል። የባሕር አረሙን ግን ማንም ልጅ አይዘለውም፤ አጥሩ ከላላ ውሾቹ ይገባሉና።

እኛ ዘንድ ችግሩ የችሎታ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃምን፣ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አስመራን እንዴት አድርገው እንዳስቀመጡልን ያነበበ ያውቃል። ለልጅ ለመጻፍ ስንቀመጥ ግን ያ ሁሉ ችሎታ ይጠፋል። እኔ ገዝቼ ያነበብኳቸው አብዛኞቹ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት «በአንድ አገር አንድ ልጅ ነበረ» ብለው ይጀምራሉ፤ ያ አገር ደጋ ይሁን ቆላ ሳይታወቅ ልጁ ታዛዥ ሆኖ፣ ተመርቆ ያልቃል። መጨረሻው ላይ ምክር ይመጣል። ልጆቻችን ምክር ከቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከቤተ እምነት ሞልቶ የተረፋቸው ናቸው።

ጥሬ ዕቃው ደግሞ በደጃችን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱ ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ቤትና ሰው ጠራርጎ ወሰደ። አሸዋው ዳር ቤቱ የሆነ ልጅ ደመና ሲያይ ምን ያስባል? ሐረር ጀጎል ውስጥ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ እየገባ በጠባቡ መንገድ ሲዞር ያመሻል፤ ተልካ የመሸባት ልጅ በየት በኩል ትመለስ? ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሐይቁ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ታንኳውን ሳያደርቅ የአባቱን ዕቃ ጭኖ የቀዘፈ ልጅ የት ይደርሳል?

ለልጆች የሚጽፍ ሰው ስለ ጀግንነትና ስለ ታማኝነት ከማሰቡ በፊት ልጁ ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር ይወስን። ሰፈሩ በትክክል ከተሠራ ትምህርቱ ሳይጠሩት ይመጣል። ባይመጣም አንባቢው አንድ አገር አውቆ ይነሣል፤ የመጽሐፉን ዋጋ ለመመለስ ይህ ከበቂ በላይ ነው።