ያልተመዘገበ ጎጆ ማዳበሪያም አይደርሰው

ዛሬ የምናወራው ስለ ዘር ወይም ስለ ተባይ ሳይሆን ስለ ሰው ቁጥር ነው። «ይሄ የወረዳ ሥራ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» እንዳትሉ። ያገባናል።

አገራችን ሕዝቧን የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ነው፦ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም። በ1987 ከ53 ሚሊዮን በላይ ነበርን፤ በ1999 ከ73 ሚሊዮን አለፍን። ያኔ ከ100 ሰው 84ቱ ገደማ የገጠር ነዋሪ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል፤ አራተኛው ግን ተደጋግሞ ተራዘመ።

ስለዚህ «የወረዳው ሕዝብ ይህን ያህል ነው» ሲባል የምትሰሙት ቁጥር ከ1999 ተነስቶ በስሌት የተገመተ ነው። ግምት ክፉ አይደለም። ግን በየትኛው ጎጥ ስንት አዲስ ጎጆ እንደወጣ አያውቅም። ያኔ የተቆጠረው ሕፃን ዛሬ አድጎ ጎጆ ለመውጣት ደርሷል።

ይህን ሊያውቅ የሚችለው ቀበሌው ነው፤ መዝገቡ ትክክል ከሆነ። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የመሬት ደብተሩ በአባት ስም ነው። ሦስት ልጆች አግብተው የሰው መሬት በእኩል ያርሳሉ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን አንድ አባወራ ብቻ ነው። የማዳበሪያ ፍላጎት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ክልል ነው የሚሄደው። «የማሳው ስፋት ያው ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ስርጭቱ ሲመጣ የሚጠራው ስም የማን ነው? ስሙ የሌለው ወጣት ከነጋዴ በውድ ይገዛል፣ ካጣም ያለ ማዳበሪያ ይዘራል።

ሰው ለምን እንደሚደብቅ አውቃለሁ። «ቁጥር ሲመጣ መዋጮና ግብር ይከተላል» ይባላል። በአማራ ክልል የ1989ኙን የመሬት ድልድል የሚያስታውሱ አባቶች ቆጣሪ ሲያዩ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። በሌላ በኩል እርዳታ ሲመጣ ያው ቤት በአንድ ሌሊት ስምንት ቤተሰብ ይሆናል። ግብር ሲመጣ ማሳነስ፣ እርዳታ ሲመጣ ማብዛት! ከዚያ ወረዳው ቁጥራችንን አያምንም፤ እውነቱን የተናገረውም አብሮ ይቆረጥበታል።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ መደበቅ የሚጎዳው ግብር ሰብሳቢውን ሳይሆን ጎጆ የወጣውን ልጃችሁን ነው። አስተዳደሩም ኃላፊነት አለበት። መዝገቡ መዋጮ ሲሰበሰብ ብቻ የሚገለጥ ከሆነ ሕዝቡ እውነቱን አይናገርም። በየዓመቱ ስብሰባ ላይ ይነበብ፣ ሕዝቡ ያርመው።

ከእናንተ የሚጠበቀው ይሄን ያህል ነው፦

1. ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ።

2. ጎጆ የወጣ ልጅ ራሱን የቻለ አባወራ ሆኖ ይመዝገብ። ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴትም በራሷ ስም፣ እማወራ ተብላ ትመዝገብ።

3. በእኩል ወይም በኪራይ የምታርሱ ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፤ ለቀበሌው መሬት አስተዳደር አሳውቁ፣ ለግብርና ባለሙያችሁም ንገሩ።

4. የሞተና አካባቢውን ለቆ የሄደ ሰው ስም ከዝርዝሩ ይውጣ። ባዶ ስም ለሌባ በር ይከፍታል።

የቀበሌያችሁ መዝገብ ላይ ስንት አባወራና እማወራ አለ? መንደራችሁ ውስጥስ በእውነት ስንት ጎጆ ይጨሳል? ሁለቱ ቁጥሮች ካልገጠሙ በሚቀጥለው ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ። ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።

መልካም የሥራ ጊዜ!